ከስታቫንገር እስከ ሄርኒንግ

ዴንማርክ፣ ኖርዌይና ስዊድን በጋራ ያስተናገዱት የ2023 የሴቶች እጅ ኳስ የዓለም ሻምፒዮና 32 ቡድኖችን በሦስት አገር ከተሞች በትኖ ነበር። እኔ የምኖረው በኖርዌይዋ ከተማ በስታቫንገር በመሆኑ ከደጄ ሳልርቅ ማየት የምችለው በከተማችን የተመደቡትን ሁለት ምድቦች ብቻ ነው። የሥራ ባልደረቦቼ ኖርዌይ ወደምትጫወትባቸው ቀናት ሲጎርፉ፣ እኔ ለፈረንሳይና ለአንጎላ ጨዋታ ትኬት ቆረጥሁ።

ዕለቱ ሕዳር 20፣ የሕዳር ጽዮን ዋዜማ ነበር። የነቢያት ጾም በመግባቱ አዳራሹን የሞላው የተጠበሰ ቋሊማ ሽታ አላስቀመጠኝም፤ ሻይ በዳቦ ይዤ ከበረኛዋ ጀርባ፣ ለሜዳው ቅርብ ከሆነ ወንበር ተቀመጥሁ። በዙሪያዬ ባዶ ወንበር አልጠፋም።

እጅ ኳስን አውቀዋለሁ ብዬ አስብ ነበር፤ በልጅነቴ በትምህርት ቤታችን አቧራማ ሜዳ ተጫውቼዋለሁና። ከቅርብ ሲታይ ግን ሌላ ነገር ነው። ተጫዋቾቹ ኳሱ ከእጃቸው እንዳያመልጥ ጣታቸውን የሚቀቡትን ሙጫ ከጫማቸው ላይ ለጥፈው ይይዙታል፤ ጨዋታው ለአፍታ ሲቆም ጎንበስ ብለው በጣታቸው ጫፍ ነካ ያደርጉታል። ከስድስት ሜትሩ መስመር ላይ ጀርባዋን ለግቡ ሰጥታ የምትቆመው አጥቂ ከተከላካዮቹ ጋር የምታደርገውን ትግል ቴሌቪዥን አያሳየውም። ካሜራው ኳሱን ይከተላል፤ እሷ ግን ኳሱ ሳይደርሳት ገና ማሊያዋ ተጎትቶ፣ ክንዷ ተይዞ፣ ከሁለት ሰው ጋር ስትገፋፋ ትቆያለች። ኳሱ ሲደርሳት ዞራ ለመወርወር የሚቀራት የዓይን ጥቅሻ ያህል ጊዜ ነው።

የአፍሪካን ዋንጫ ደጋግማ ያነሳችው አንጎላ ያን ምሽት ፈረንሳይን ስትፈትን፣ ልቤ ወዴት እንዳጋደለ መናገር አያስፈልገኝም። ጨዋታው 30 ለ 29 በፈረንሳይ አሸናፊነት አበቃ። አንድ ጎል! አጠገቤ የነበሩት አዛውንት ኖርዌያዊ ኮታቸውን እየለበሱ «ይህንን ማንም አያወራለትም» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር፤ በማግስቱ ቢሮ ውስጥ የሚወራው ስለ ኖርዌይ ብቻ ሆኖ አገኘሁት።

ለፍጻሜው ወደ ዴንማርኳ ከተማ ወደ ሄርኒንግ መሻገር ነበረብኝ። ከስታቫንገር እስከ ክርስቲያንሳን በባቡር፣ ከዚያ እስከ ሂርትስሃልስ በመርከብ፣ ቀሪውን ደግሞ እንደገና በባቡር ተጓዝሁ። ሦስት አገር በአንድ ላይ ሲያስተናግድ ወጪው ይከፋፈላል፣ አዳራሾቹም ዝግጁ ሆነው ይገኛሉ፤ ነገር ግን ተመልካቹ ከየደጁ የየራሱን ቡድን ብቻ እያየ፣ ውድድሩ ሦስት የተለያዩ በዓላት መስሎ እንደሚቀር የገባኝ በዚህ ጉዞ ነው።

የዓለም ሻምፒዮንነቷን ለማስጠበቅ የመጣችው ኖርዌይ በዓርቡ ግማሽ ፍጻሜ ዴንማርክን በተጨማሪ ሰዓት 29 ለ 28 አሸንፋ ስለነበር፣ ሄርኒንግ የደረስሁት የተከፋ አስተናጋጅ አገኛለሁ ብዬ ነበር። ዴንማርክ ግን እሑድ ስዊድንን 28 ለ 27 ረትታ ነሐሱን ስትወስድ ከተማው ተጽናና። ከዚያ በኋላ በተካሄደው ፍጻሜ ፈረንሳይ ኖርዌይን 31 ለ 28 አሸንፋ ሦስተኛ የዓለም ዋንጫዋን አነሳች። ሦስቱም የተገኙት በአሠልጣኝ ኦሊቪዬ ክሩምቦልዝ ዘመን ነው።

በዙሪያዬ ቀይ የለበሱት ኖርዌያውያን ጸጥ ብለው ተቀምጠዋል። ከጎኔ ያለችው ሴት ባንዲራዋን እያጣጠፈች ፈረንሳይን በዚህ ውድድር ያስጨነቀ እንደሌለ ስትነግረኝ፣ ከ17 ቀን በፊት አንጎላ በአንድ ጎል ብቻ መሸነፏን፣ ያውም ስታቫንገር ውስጥ እንደነበረ አስታወስኋት።

«ስታቫንገር እኔም ነበርሁ» አለች። «የገዛሁት ግን የኖርዌይን ትኬት ብቻ ነው።»