ማሽኑን የሚገድለው ሳሙናው ነው

ልብስ ማጠቢያ ማሽን ገዝቶ በሁለት ዓመቱ ጠጋኝ ቤት ማመላለስ በዝቷል። ሁሉም ሰው ደግሞ አንድ መልስ አለው፤ "የዛሬ ዕቃ አይረባም፣ ፎርጅድ ነው።" እውነት ሊሆን ይችላል፣ ግን ማሽን የሚጠግኑ ሰዎች አጠገብ ትንሽ ብትቆሙ የምትሰሙት ሌላ ነው። ሳሙና፣ ውሃ፣ መብራት። ከሦስቱ ሳሙናው ሙሉ በሙሉ በእጃችን ያለ ስለሆነ ከሱ ልጀምር።

እኛ በሳፋ እያጠብን ያደግን ሰዎች ነን። አረፋ ካላየን ልብሱ የጸዳ አይመስለንም። የእጅ ዱቄት ሳሙና የሚሠራውም ይህን ታስቦ ነው፣ አረፋው እንዲበዛ። ከፊት የሚከፈተው ማሽን ግን በጥቂት ውሃ ነው የሚሠራው፤ ልብሱን ወደ ላይ እያነሳ ይጥለዋል፣ የሚያጸዳው ያ መውደቅና መፈተግ ነው። አረፋ ከሞላው ልብሱ ፍራሽ ላይ እንደወደቀ ይሆናል፣ አይፈተግም። ፓምፑም ውሃ መግፋት ሲገባው አረፋ ሲጎትት ይውላል። አንዳንዱ ማሽን አረፋ መኖሩን ሲያውቅ በራሱ ጊዜ ደጋግሞ ያለቀልቃል፤ "1 ሰዓት ይላል፣ 2 ሰዓት ተኩል ቆየብኝ" የምትሉት ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው የሚመጣው።

ትልቁ ጉዳት ግን ልብሱ ከሚገባበት ከበሮ ጀርባ ነው ያለው፣ ከውጭ አይታይም። ከበሮውን ከዘንጉ ጋር የሚያያዝ ሦስት ክንድ ያለው ብረት አለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአሉሚኒየም የተሠራ። በደንብ ያልተለቀለቀ ሳሙና እዚህ ክንድ ላይ ይጋገራል፣ እርጥበት ይዞ ይቀመጣል፣ አሉሚኒየሙን ቀስ እያለ ይበላዋል። የተበላ ክንድ በእጄ ይዤ አይቻለሁ፣ ላዩ ነጭ ዱቄት ለብሷል፣ ጥግ ጥጉ ሲነካ ይፈረፈራል። አንድ ቀን ማሽኑ በኃይል ሲጨምቅ ክንዱ ይሰበርና ከበሮው ይንጋጋል። በዚያ ጊዜ የሚጠየቀውን ዋጋ የሰማ ሰው አዲስ መግዛት ይሻለኛል ማለቱ አይቀርም።

ስለዚህ "ለአውቶማቲክ ማሽን" የሚል የተጻፈበትን ግዙ። ውድ ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን የሚፈልገው ትንሽ ነው። መካከለኛ ቆሻሻ ላለው ልብስ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ በጣም የቆሸሸ ከሆነ ጨምሩ፣ የማሸጊያውን መመሪያም እዩ። ቤታችሁ ያለው ማሽን ምን ያህል ሳሙና እንደጠጣ ማወቅ ከፈለጋችሁ ልብስም ሳሙናም ሳትጨምሩ በሙቅ ውሃ አስነሱትና በመስታወቱ ተመልከቱ። አረፋ ካያችሁ የድሮ ሳሙና ነው።

ሌላው ልማዳችን ሁሌም በቀዝቃዛ ማጠብ ነው። ለመብራት ሂሳቡ ጥሩ ነው፣ ለአብዛኛው ልብስም ይበቃል። ሆኖም ቅባትና የሳሙና ዝቃጭ በቀዝቃዛ ውሃ አይወጣም፣ ውስጥ ውስጡን ይለጠፍና መሽተት ይጀምራል። በወር አንዴ ባዶውን በ60 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ አስኪዱት። ታጥቦ ሲያልቅ የበሩን ጎማ እጥፋቱን ገልጣችሁ በጨርቅ አድርቁት፣ በሩንም ገርበብ አድርጋችሁ ተዉት። ትንንሽ ልጆች ያሉበት ቤት ከሆነ ግን ማሽኑ ያለበትን ክፍል ዝጉ፣ ልጅ ከበሮ ውስጥ መግባት ይወዳል።

ወደ ውሃው። አዲስ አበባ በፈረቃ ውሃ የምታገኙ ከሆነ ቀናት ቆይቶ ሲመለስ የሚመጣውን ቡናማ ውሃ ታውቁታላችሁ። ያን ውሃ ማሽኑ እንዲጠጣው አታድርጉ። መጀመሪያ በሌላ ቧንቧ እስኪጠራ ድረስ አፍስሱት፣ ባልዲ ውስጥ ከሆነ መጸዳጃ ቤት ይጠቅማል። ማሽኑ ከኋላ ውሃ በሚገባበት ቱቦ ጫፍ ላይ የጣት ጥፍር የምታክል ወንፊት አለች። ቧንቧውን ዘግታችሁ፣ ሶኬቱን ነቅላችሁ፣ ቱቦውን ፍቱና ወንፊቷን በፒንሳ ቀስ አድርጋችሁ ሳቧት። ደለል ከሞላት በጥርስ ብሩሽ ታጥባ ትመለሳለች። "ውሃ አልገባም" እያለ የሚያቆም ማሽን ስንቴ በዚህች ወንፊት ምክንያት ቦርዱ (ማሽኑን የሚያዘው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ተበላሽቷል እንደተባለ ቤት ይቁጠረው።

ውሃው ከሮቶ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ከፍታው ወሳኝ ነው። 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ገደማ ግፊት ይሰጣል። ብዙ ማሽኖች ቢያንስ ከ0.3 እስከ 0.5 ባር ይፈልጋሉ፣ ይህ ማለት ሮቶው ከማሽኑ ከ3 እስከ 5 ሜትር ከፍ ማለት አለበት። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ፣ ከማሽኑ እኩል የተቀመጠ ሮቶ ይህን ግፊት ከየት ያመጣል? ትንሽ ፓምፕ ማስገባት ነው መፍትሄው። ውሃው ከጉድጓድ የሚመጣ ከሆነና ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ከሠራ፣ ያው ቅርፊት የማሽኑ ማሞቂያ ላይም አለ። አልፎ አልፎ ሲትሪክ አሲድ ጨምራችሁ ባዶውን አሙቁት። ከበረኪና ጋር ግን በፍጹም አትቀላቅሉት፣ መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

መብራቱ ላይ ብዙ አልልም። ማሽኑ ውሃ ሲያሞቅ 2000 ዋት ገደማ ይወስዳል፣ ለቴሌቪዥን የተገዛች ትንሽ ስታቢላይዘር አትችለውም። በማከፋፈያ ሳይሆን በቀጥታ ከግድግዳው ሶኬት ይሰካ፣ የመሬት ሽቦ ይኑረው። በመሃል መብራት ከጠፋ ንቀሉት፣ ሲመጣም ጥቂት ደቂቃ ታግሳችሁ ስኩት፤ ቦርዱን የሚያቃጥለው ብዙ ጊዜ መብራቱ ሲመለስ የሚመጣው የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ግፊት ነው።

አሁን ደግሞ ልብሱን ስለ መጫን፣ ከጋቢ ልጀምር። ጋቢ ብቻውን ማሽን ውስጥ ሲገባ ውሃ ይጠጣል፣ ይጠቀለላል፣ ከበሮው አንድ ጎን ላይ ይከመራል። ከዚያ በደቂቃ 1200 ዙር ልጭመቅህ ሲባል ማሽኑ ከቦታው ተነስቶ ይሄዳል። ሁለት ፎጣ አብሮት ይግባ፣ ክብደቱ ይከፋፈላል። መጭመቂያውን ወደ 800 ዝቅ አድርጉት፣ ለፀሐይ አገር ምን አስጨነቀን፣ በረንዳ ላይ ይደርቃል። ለሌላውም ልብስ ቢሆን 7 ኪሎ የሚለው የሚቆጠረው በደረቅ ጥጥ ነው፣ በፈጣኑ ፕሮግራም ከዚያ በጣም ያነሰ ነው የሚይዘው። ልብሱ ገብቶ ከላይ እጃችሁ በነፃነት ካልገባ ሞልቷል።

ማሽኑ ባዶውንም የሚዘል ከሆነ እግሮቹን ተመልከቱ። ማሽኑ አናት ላይ ውሃ ልክ አድርጋችሁ እግሮቹን አስተካክሉና ማጥበቂያቸውን እሰሩ፤ ካርቶን ማጠፍ አያዋጣም፣ ይረጥባል። አዲስ ማሽን ከሆነ ከኋላው ያሉት የማጓጓዣ ቡሎኖች መውጣታቸውን አረጋግጡ። ቡሎኖቹን አትጣሏቸው። ቤት ስትቀይሩ መልሳችሁ ማሰር አለባችሁ፣ አለበለዚያ ከበሮው በአይሱዙ ላይ ሲንገላታ ይደርሳል።

ሲጨምቅ እንደ ጄኔሬተር መጮህ ከጀመረ ኩሽኔታው ሊሆን ይችላል። አጥፉት፣ ከበሮውን በእጅ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቁት፣ ከተንቀጫቀጨ ቶሎ አሳዩት። በብዙ አዳዲስ ሞዴሎች ከበሮውን ከውጭ የሚይዘው የፕላስቲክ በርሜል የተበየደ ስለሆነ ኩሽኔታ ብቻ መቀየር አስቸጋሪ ነው፣ ስትገዙ ይህን ጠይቁ።

በመጨረሻ፣ ከውጭ ማሽን ለምታመጡ ወይም ለምትልኩ። ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። የእኛ 220 ቮልት፣ 50 ሄርትዝ ነው። የአሜሪካ ማሽን በ120 ቮልትና በ60 ሄርትዝ ስለሚሠራ በቀጥታ አይሰካም፣ ትራንስፎርመር ቮልቱን ቢያስተካክል እንኳ ሄርትዙን አይቀይረውም። ሳዑዲም 60 ሄርትዝ ነው። የዱባዩ ግን 50 ስለሆነ ይሻላል። ጽሑፉ "50/60" የሚል ከሆነ በሄርትዙ በኩል ችግር የለም፣ ቮልቱን ብቻ እዩ።