ያ «እህ» የሚለው ድምፅ

ልጃችን የተወለደው ማክሰኞ ንጋት ላይ ነው፣ በኦፕራሲዮን። አማቴ ሰባት ጊዜ እልል አሉ፣ ስልኩም «እንኳን ማርያም ማረችሽ» በሚል ሰው ተጨናነቀ።

ልጁ ግን በየትንፋሹ «እህ… እህ…» ይላል፣ ጆንያ እንደተሸከመ ሰው። አማቴ «ገና ከአሁኑ እንደ አባቱ ያማርራል!» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ በስልኬ ሁሉ ቀረፅኩት። ከዚያ አንዲት ነርስ መጣችና ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጋ፣ ሰዓቷን እያየች ደረቱን ቆጠረች። ሙሉ አንድ ደቂቃ። 78። «ጨቅላ በደቂቃ ከ40 እስከ 60 ነው የሚተነፍሰው፣ ከ60 ካለፈ ዝም አይባልም» ብላ ወደ ሙቀት ክፍል ይዛው ሄደች። ደረቱ ከጎድን አጥንቱ ስር ስርጉድ እንደሚል ያየሁት ያኔ ነው።

ዶክተሯ በኋላ አስረዳችኝ። ህፃኑ አየር ሲያስወጣ ጉሮሮውን ጠበብ አድርጎ ጥቂት ያስቀራል፣ የሳንባው ትንንሽ ከረጢቶች እንዳይጣበቁበት። እኛ ስንስቅ እሱ ራሱን እያከመ ነበር! የገጠሙለት ማሽንም (ማሽን ከተባለ) የሚሠራው ያንኑ ነው። ኦክስጅን በአፍንጫው ይገባል፣ የቱቦው ሌላ ጫፍ ደግሞ ውሃ ያለበት ጠርሙስ ውስጥ 5 ሴንቲ ሜትር ጠልቆ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ባብል ሲፓፕ ይሉታል። ቡልቅታው ከቆመ ከረጢቶቹን ከፍቶ የሚይዘው የአየር ግፊት የለም ማለት ነው፣ ስለዚህ ጆሮዬ እዚያ ጠርሙስ ላይ ተተክሎ ቀረ።

ረቡዕ ባሰበት። የደሙ ኦክስጅን ቀኝ እጁ ላይ ሲለካ 93 በመቶ፣ እግሩ ላይ 81። አንድ ልጅ፣ ሁለት ቁጥር። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ማህፀን ውስጥ የሚተነፍስለት እንግዴ ልጁ ስለሆነ፣ አብዛኛው ደም ሳንባን ትቶ በአቋራጭ ያልፋል። ሲወለድና ሲያለቅስ የሳንባ ደም ስሮች ይላላሉ፣ አቋራጩም ይዘጋል። የእሱ ግን አልላላ አሉ። ኦክስጅን ያላገኘው ደም በድሮው መንገድ ወደ ታች ይሾልካል፤ የቀኝ እጁ ደም ከአቋራጩ በፊት ስለሚገነጠል ተርፏል። ደግሞ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፣ የኦክስጅን ማነስ ደግሞ እነዚያኑ ደም ስሮች ያጠብባቸዋል።

የታዘዘለት መድኃኒት ሲልደናፊል ነው። አዎ፣ ቪያግራ። ደም ስር ማላላት ነው ሥራው። ሆስፒታሉ ውስጥ አልቆ ስለነበር ወረቀቱን ይዤ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በእግሬ ወጣሁ። ሦስተኛው ፋርማሲ ያለው ልጅ ገና ስሙን ስጠራ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «50 ነው 100?» አለኝ። «ለሁለት ቀን ልጄ ነው» ስለው ሳቀ። ወረቀቱን ሲያነብ ሳቁ ጠፋ። «እግዜር ይማርልህ ወንድሜ» ብሎ በሁለት እጁ ሰጠኝ። (ቤት ውስጥ ማንም እንዳይሞክረው፤ የደም ግፊት ይጥላል። ሆስፒታል በጥብጠው ለክተው፣ እየተከታተሉ ነው የሚሰጡት።)

ቅዳሜ እጅና እግሩ እኩል 92 ሆኑ። ሰኞ ጠርሙሱን ነቀሉት። ባለቤቴ ስፌቷን ይዛ ግድግዳ ግድግዳውን ስትመጣ፣ ዝምታውን ሰምታ ክው አለች፤ ነገሩ ገብቶኝ፣ ጠርሙሱ ተነቅሎ መሆኑን ስነግራት ነው ያለቀሰችው።

አሁን ቤት ነው። አማቴ ማታ ማታ ባትሪ ይዘው አልጋው ላይ ጎንበስ ይላሉ። «44» ይሉና ይተኛሉ።