20 ወይስ 27?

አሜሪካ ውስጥ ቤዝቦል እጫወታለሁ። ዘንድሮ ለጥምቀት ጎንደር ገብቼ በቃና ዘገሊላ ማግስት አራዳ ላይ ከአብሮ አደጎቼ ጋር ቡና ስንጠጣ፣ አንዱ ጠጋ ብሎ «ለመሆኑ ዕድሜህን ስንት አስብለህ ነው የፈረምኸው?» ሲል ጠየቀኝ። ሌሎቹ «ቤዝቦል ያው የኛ ገና ጨዋታ አይደለም ወይ?» እያሉ ሲጠይቁኝ በደስታ እየመለስሁ ነበር፤ ይህን ጥያቄ ግን ወዲያው መመለስ አቃተኝ። ጓደኛዬ ክፋት የለበትም። እኛ ዘንድ ኳስ ተጫዋች ዕድሜውን ዝቅ ቢያደርግ እንደ ብልጠት እንጂ እንደ ነውር ብዙም አይታይም። እኔን ግን ጥያቄው ልረሳው ወደማልችለው አንድ ክፍል መለሰኝ።

በቤዝቦል የእኔ ሥራ መወርወር ነው። 108 ጥልፍ ያለባትን ትንሽ የቆዳ ኳስ 18.44 ሜትር ርቆ ወደቆመው መቺ ስልካት፣ ግማሽ ሰከንድ ሳይሞላ ትደርሳለች። ክንዴን ያሠራው የአሜሪካ ጂምናዚየም አይደለም፤ ደምቢያ አያቴ ማሳ ላይ ወፍ ስጠብቅ የያዝሁት ወንጭፍ ነው፤ አሠልጣኞቼ ይህን ክንድ ከየት አመጣኸው ሲሉኝም በኩራት የምመልሰው ይህንኑ ነው። አባቴ ወስዶኝ በ13 ዓመቴ አሜሪካ ገባሁ፤ እዚያው ተማርሁ፣ ተጫወትሁ። በ2022 እ.ኤ.አ. ክረምት፣ ቡድኖች አዲስ ተጫዋቾችን በየተራ በሚመርጡበት ምርጫ፣ በ20ውም ዙር ስሜ ሳይጠራ ቢቀርም፣ አንድ ቡድን ከምርጫው ውጭ ሊያስፈርመኝ ጠራኝ።

በዚያ ክፍል የቡድኑ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንደኛው ፀጉራቸው የሸበተ ሽማግሌ ናቸው። ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን አስቀመጡ። ፓስፖርቴ ኖቬምበር 30 ቀን 2001 መወለዴን ይናገራል። ከጎንደር የወጣው የትምህርት ማስረጃዬ ትርጉም ግን «ኖቬምበር 21 ቀን 1994» ይላል። ኅዳር 21 ቀን 1994 ዓ.ም. የሚለውን ተርጓሚው የወሩን ስም ብቻ ለውጦ፣ ቀኑንና ዓመቱን እንዳለ ትቶት፣ የዘመን አቆጣጠሩን ሳይገልጽ ማኅተሙን መትቶበታል። ሽማግሌው «20 ነህ ወይስ 27? እውነተኛውን ዕድሜህን የደበቅኸው ለምንድን ነው?» አሉኝ።

በዚህ ጊዜ ዐይኔን ወደ መሬት ጣልሁ። ያሳደጉኝ ሁሉ ታላቅ ሲቆጣ ዐይን ዐይኑን ማየት ድፍረት እንደሆነ አስተምረውኛል። እሳቸው ግን የጥፋተኛ ዐይን አድርገው ወሰዱት፤ ሲጽፉም አየሁ። የኛ ዘመን በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ወደኋላ እንደሚቆጠር፣ ዓመታችንም 13 ወር እንዳለው ሳስረዳ ሁለቱ ተያዩ። እኛ በኩራት የምንናገረው 13 ወር እዚያ ክፍል ውስጥ የውሸት ማሳመሪያ መሰለ። የእጅ አንጓዬንም በራጅ አስነሡኝ፤ ሐኪሙ የዕድገት አጥንት 20 ዓመት ሳይሞላ ስለሚገጥም፣ ፎቶው 20ን ከ27 ሊለይ እንደማይችል ነገራቸው። እንደ ገበያ ከብት ዕድሜዬ በአጥንቴ መፈለጉ እስከ ዛሬ ያመኛል።

ጥርጣሬያቸው ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። በዚህ ስፖርት ዕድሜ ዋጋ ነው፤ ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ ልጆች በ16 ዓመታቸው ይፈርማሉ፣ በሐሰት ዕድሜ የተገኙም ብዙ ነበሩ። በ2011 እ.ኤ.አ. ለታዳጊዎች የዓለም ውድድር ያለፉ የኡጋንዳ ልጆችም የልደት መረጃቸው ባለመጣጣሙ ቪዛ ተከልክለው ቀርተዋል። ሆኖም አንድ ሕዝብ ሌላ አቆጣጠር ሊኖረው እንደሚችል ሳይጠይቁ ልጅን ውሸታም ማለት በደል ነው። የኛዎቹ ተርጓሚዎችም ሁለት ፊደል፣ «ዓ.ም.» የምትለውን ብቻ በወጉ ቢተረጉሟት ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር።

ያዳነችኝ የክርስትና እናቴ ናት። በ40 ቀኔ፣ ታኅሣሥ 30 ቀን 1994 ዓ.ም. ክርስትና የተነሣሁበትን ወረቀት ከሣጥኗ አውጥታ፣ የደብሩን ማረጋገጫ አክላ፣ አጎቴ በእጁ ይዞት አዲስ አበባ ድረስ ወርዶ ከነዘመን ልዩነቱ አስተርጉሞ ላከልኝ። አምስት ሳምንት ፈጀ። ፈረምሁ፤ ይቅርታ ያለኝ ሰው ግን አልነበረም።

ስለ ገንዘቡም ለጓደኞቼ ነግሬያቸዋለሁ፤ ሊጉና ተጫዋቾቹ በ2023 እ.ኤ.አ. በገቡት ስምምነት መሠረት በታችኛው እርከን ያለ ተጫዋች ያን ጊዜ የሚያገኘው በዓመት 19,800 ዶላር ነበር፤ ሚሊዮኑ ያለው ላይኛው ሊግ ነው፤ እዚያ ለመድረስ ዓመታት ያስፈልጋሉ።

ስለዚህ ለመውጣት የምታስቡ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ዕድሜ ቀንሰን እናስወጣችኋለን የሚሏችሁን ደላሎች አትስሟቸው። የክርስትና ካርዳችሁን፣ የትምህርት ማስረጃችሁንና ፓስፖርታችሁን አሁኑኑ አውጥታችሁ አስተያዩ፤ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ለተወለደ ሰባት፣ ከፈረንጆች አዲስ ዓመት ወዲህ ለተወለደ ስምንት እንደሚጨመር ሳታረጋግጡ ማኅተም አታስመቱ።

ያ ጓደኛዬ ይህን ሁሉ ሰምቶ ዝም አለ፤ ማታ ግን ወረቀቶቹን በፌስታል ይዞ ቤታችን መጣ። ሦስት ወረቀት፣ ሁለት የልደት ዓመት። በማግስቱ ጠዋት ወደ ቀበሌ ወሳኝ ኩነት አብረን ሄድን፤ ሰልፉ ረዥም ስለነበር ተራችን የደረሰው ከምሳ በኋላ ነው።