ሦስት ቡድን፣ አንድ ሜዳ

የራግቢ ክለባችን መተዳደሪያ ደንብ የወንዶች፣ የሴቶችና የታዳጊዎች ቡድኖች እኩል የክለቡ አካል እንደሆኑ ይናገራል። አንቀጹ በጠቅላላ ጉባኤ ሲጸድቅ አንድም ተቃውሞ አልተሰማም፤ ወረቀት ላይ ለሚሰፍር እኩልነት ማንም የሚከፍለው ነገር የለምና። እኔ የልምምድ ድልድሉን የማወጣ ሰው እንደመሆኔ፣ ክለቡ በእርግጥ ምን እንደሚያስብ ማወቅ ስፈልግ የምመለከተው መብራት ያለውን ሜዳ በየትኛው ምሽት፣ በስንት ሰዓት፣ ለማን እንደሰጠን የሚያሳየውን ባለ አንድ ገጽ ሰንጠረዥ ነው።

ድልድሉን ከባድ የሚያደርገው በመጀመሪያ የጨዋታው ጠባይ ነው። ለአንድ የራግቢ ዩኒየን ግጥሚያ 15 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ፤ 8ቱ በስክረም፣ ማለትም የሁለቱ ቡድኖች የፊት ተጫዋቾች ተቃቅፈውና ትከሻ ገጥመው ለኳስ በሚገፋፉበት ፍልሚያ፣ የሚገፉና ኳስ የሚያስለቅቁ የፊት ተጫዋቾች፣ 7ቱ ደግሞ የኋላ ተጫዋቾች ናቸው። በ80 ደቂቃ ውስጥ የሚደክመውንና የሚጎዳውን የሚተኩ ተቀያሪዎችም ያስፈልጋሉ። ሁሉም ቦታ ግን በማንም ሰው አይሸፈንም። በተለይ በስክረሙ የፊት መስመር የሚሰለፉት ሦስቱ ተጫዋቾች አንገትና አከርካሪ የሚሸከመው ጫና ከባድ በመሆኑ፣ ለቦታው ያልሠለጠነ ሰው እዚያ እንዲገባ ሕጉ አይፈቅድም፤ የሠለጠነ ከጠፋ ዳኛው ስክረሙ ያለ ግፊያ እንዲካሄድ ያዝዛል። በወጣትነቴ የተጫወትኩት በዚያው መስመር ስለነበር አዳልቼ ይሆናል፤ ቢሆንም ግፊያ የሌለበት ስክረም ማየት እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። ስለዚህ ለተጫዋቾቹ ምንም የማይከፍል ክለብ ወፍራሙንም ቀጭኑንም፣ ረጅሙንም አጭሩንም፣ ፈጣኑንም ዘገምተኛውንም ይፈልጋል። ሰው ደግሞ የሚጸናው ሊደርስበት በሚችለው ሰዓት ሲጠራ ነው።

ሥራውን ስረከብ ያገኘሁት ድልድል ለረጅም ጊዜ ሳይነካ የኖረ ነበር። የወንዶቹ አንደኛ ቡድን ዋናውን ሜዳ በሳምንት ሁለት ምሽት፣ በተመቸው ሰዓት ይይዛል፤ ታዳጊዎቹ የሳምንቱ መጨረሻ ጠዋት ይደርሳቸዋል፤ ሴቶቹ ደግሞ ወንዶቹ ከወጡ በኋላ፣ ሣሩ በስክረምና በራክ (መሬት ላይ ባለ ኳስ ላይ በሚደረግ ግፊያ) ከታረሰ በኋላ ይገባሉ። ይህን ማንም በክፋት ያደረገው አልነበረም። የወንዶቹ ቡድን ቀድሞ ስለተቋቋመ የሚሻለውን ያዘ፣ ኋላ የመጣው የተረፈውን ወሰደ፣ ከዚያ ወዲህ ድልድሉን የጠየቀ ሰው አልተገኘም። የምሽቱ የመጨረሻ ሰዓት ለማን እንደማይመች ለማወቅ ግን ብዙ ማሰብ አያስፈልግም ነበር፤ ልጆቿን አስተኝታ ለምትመጣ እናት፣ ማልዳ ሥራ ለምትገባ ሠራተኛ፣ በጨለማ ብቻዋን ወደ ቤቷ ለምትመለስ ተማሪ አይመችም። የሴቶቹ ቡድን በውድድር ወቅቱ መጀመሪያ ሞልቶ በአጋማሹ ላይ ሲሳሳ «ሴቶች አይጸኑም» ይባል ነበር። ይህን አባባል በስብሰባ ላይ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፤ የሚናገሩት ሰዎች በዚያ ሰዓት ሜዳው ላይ ተገኝተው አያውቁም።

የጊዜ ጉዳይ በራግቢ ታሪክ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1895 ጨዋታው ለሁለት የተከፈለው፣ የሰሜን እንግሊዝ ክለቦች ለግጥሚያ ሲሉ ከሥራ የሚቀሩ ሠራተኛ ተጫዋቾቻቸው ያጡትን ደመወዝ እንካሳቸው ብለው ቢጠይቁ፣ በ1871 የተመሠረተው የእንግሊዝ ራግቢ ኅብረት አይሆንም በማለቱ ነበር። ተገንጥለው የወጡት ክለቦች ኋላ ላይ የተጫዋቾቹን ቁጥር ወደ 13 ዝቅ አድርገው ዛሬ ራግቢ ሊግ የምንለውን ጨዋታ አበጁ፤ ራግቢ ዩኒየን በበኩሉ ለተጫዋች በይፋ መክፈልን የፈቀደው በ1995 ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ምንም የማያስቀርባቸው ሰዎች፣ ቅዳሜ ሲጫወት የቀን ገቢው ለሚቀርበት ሰው ደንብ አወጡለት። የእኛም የድሮ ድልድል በመጠኑ አነሰ እንጂ ዓይነቱ ያው ነበር።

የሴቶች ራግቢ ጠረጴዛው ላይ ቦታ እስኪሰጠው ቁጭ ብሎ አልጠበቀም። የመጀመሪያው የሴቶች የዓለም ዋንጫ እ.ኤ.አ. በ1991 በዌልስ ሲካሄድ ጨዋታውን የሚመራው ዓለም አቀፍ ቦርድ ዕውቅና አልሰጠውም ነበር፤ ውድድሩን አስበው ያዘጋጁት ራሳቸው የጨዋታው ሴቶች ነበሩ፤ 12 ቡድኖችም መጡ። የሶቪየት ኅብረት ቡድን የውጭ ገንዘብ ስላልነበረው ቮድካና ሌላም ሸቀጥ ይዞ መጥቶ፣ እየሸጠ ወጪውን ለመሸፈን ሞክሯል። በፍጻሜው አሜሪካ እንግሊዝን 19 ለ 6 አሸነፈች። በ2025 እንግሊዝ ካናዳን 33 ለ 13 ረትታ ዋንጫውን ስታነሳ ደግሞ በትዊከንሃም ስታዲየም 81,885 ተመልካች ተገኝቶ ነበር። ይህን ቁጥር ወደ ኮሚቴያችን ስብሰባ ይዤ ገብቼ ነበር። አባላቱ ተደነቁ፣ አጨበጨቡ፣ ድልድሉንም እንዳለ ተዉት።

ያሳመናቸው ሜዳ ላይ በዐይናቸው ያዩት ነገር ነው። ከሜዳዎቻችን አንዱ ለጥገና ሲዘጋ፣ ወንዶቹንና ሴቶቹን በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ሜዳ ከማሠራት በቀር ምርጫ አልነበረም። አብዛኞቹ ሴት ተጫዋቾቻችን ወደ ራግቢ የመጡት አዋቂ ሆነው ነው። በልጅነቱ ከእኩዮቹ ጋር እየተላፋ ታክል ማድረግ፣ ማለትም ኳስ የያዘን ሰው ይዞ መጣል፣ እንደለመደ ወንድ ልጅ፣ እንዴት እንደተማሩት ሳያስታውሱ የሚያደርጉት ነገር የላቸውም። ስለዚህ ይጠይቃሉ። ኳስ ይዞ ወደ እኔ የሚመጣውን ሰው ከጎን ስይዘው ጭንቅላቴ የት ይሁን? ቅርብ የሚሆነው የትኛው እግር ነው? ትከሻዬ ከነካው በኋላ እጆቼ ምን ያደርጋሉ? አሰልጣኙ ለዓመታት «ዝቅ በል!» እያለ ሲጮህ የኖረ ሰው በመሆኑ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ነገሩን ከሥር መሠረቱ ለማስረዳት ተገደደ፤ ወገብን ሳይሆን ጉልበትን አጥፎ መውረድ፣ ዐይንን ከፍቶ ማየት፣ ጭንቅላትን ከሯጩ ፊት ሳይሆን ከኋላው በኩል ማሳለፍ፣ በትከሻ መንካት፣ በሁለት እጅ ጠበቅ አድርጎ ማቀፍ፣ ከዚያም እግርን ሳያቆሙ መግፋት።

ከዳር ቆመው ያዳምጡ የነበሩት ወንዶች ቀስ በቀስ ሲጠጉ አየሁ። ብዙዎቹ ደረትና ትከሻ ላይ መያዝ የለመዱ ናቸው፤ ልማዱ ደግሞ ዛሬ ዋጋ እያስከፈለ ነው። ፈረንሳይ በ2019 በአማተር ጨዋታ ታክል ከወገብ በላይ እንዳይሆን ወሰነች፤ እንግሊዝም በ2023 በማኅበረሰብ ክለቦች ጨዋታ ወሰኑን ወደ ደረት አጥንት ግርጌ አወረደችው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ቆሞ የሚይዝ ሰው ጭንቅላት ከተያዘው ሰው ጭንቅላት ጋር ይጋጫል፤ የሚጎዳውም ብዙ ጊዜ ያዡ ራሱ ነው። አንደኛ ቡድናችን ከፍ አድርጎ በመያዙ በሚመጣ ቅጣት ምት ሦስት ሦስት ነጥብ እየሰጠ የተሸነፈባቸውን ግጥሚያዎች የሚያስታውስ ሁሉ፣ ያ የጋራ ምሽት ለሴቶቹ የተደረገ ውለታ እንዳልነበረ አይጠፋውም። ሜዳው ተጠግኖ ሲከፈት የጋራውን ሰዓት አናፍርሰው ብሎ የጠየቀው የወንዶቹ አምበል ነው። እኔም በዚያ አሳብቤ ሴቶቹን ከምሽቱ ጫፍ አወጣኋቸው።

የታዳጊዎቹ ነገር ከዚህ ጋር እንዴት እንደሚያያዝ መጀመሪያ አልታየኝም ነበር። ትንንሾቹ ወገባቸው ላይ ባለ ሁለት ጥብጣብ ቀበቶ ታጥቀው፣ ከመደበኛው ባነሰ ኳስ ይጫወታሉ፤ ሰውን መጣል የለም፣ ጥብጣቡን መንጠቅ ነው። ወንድና ሴት ሳይለዩ አብረው ይሮጣሉ። በብዙ አገሮች ግን 11 ወይም 12 ዓመት አካባቢ ሲደርሱ ይለያያሉ፤ እዚያ ላይ ልጆቻችንን እናጣቸው ነበር። ወንዶቹ የሚሄዱበት ቡድን ይጠብቃቸዋል። ልጃገረዶቹ ከሌላ ክለብ ጋር ተቀናጅተው ካልሆነ 15 ሰው አይሞሉም፤ ከዚያም አልፎ ከፊታቸው ምን እንዳለ አያውቁም፤ እነሱ ሲሠሩ የሴቶቹ ቡድን ሜዳ ላይ ኖሮ አያውቅምና። አሁን የልጃገረዶቹን ሰዓት ከሴቶቹ ሰዓት ጋር አጎራብቼዋለሁ። አንዱ ሲያበቃ ሌላው ይጀምራል፤ በመካከል ያለችውን አጭር ጊዜ ኳስ ሲቀባበሉ ያሳልፏታል። የወላጆች ጩኸት ግን በየትኛውም ሰንጠረዥ የሚስተካከል አይመስለኝም። በራግቢ ከዳኛ ጋር የሚነጋገረው አምበል ብቻ እንደሆነ ልጆቹ በመጀመሪያው ወቅታቸው ይማራሉ፤ አባቶቻቸው ገና ናቸው።

የሦስቱም ቡድኖች አስተባባሪዎች በአንድ ምሽት መገናኘት ከጀመሩ ወዲህ የጉዳት መዝገቡም አንድ ሆኗል። ጭንቅላቱን ተመትቶ የአንጎል መናወጥ የሚጠረጠርበት ተጫዋች ወዲያው ይወጣል፣ በዚያ ቀን አይመለስም፤ በርካታ አገሮች ለማኅበረሰብ ጨዋታ ባወጡት መመሪያ መሠረት ከ21 ቀን በፊት ወደ ግጥሚያ መመለስ የለም፣ ያም ደረጃ በደረጃ ነው። ለስላሳው የራስ ቆብ ከጭረትና ከጆሮ ጉዳት ያድን ይሆናል እንጂ የአንጎልን መናወጥ አይከላከልም፤ ይህን ለወላጆች ደግሞ ደጋግሞ መንገር ያስፈልጋል። ቀድሞ አንዱ ቡድን ያወጣውን ተጫዋች ሌላው ቡድን ሳያውቅ የሚያሰልፍበት ዕድል ነበር፤ በተለይ ከታዳጊ ወደ አዋቂ የሚሸጋገሩት ሁለት ቦታ ይጫወታሉ።

አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ያለው አቤቱታ ከወንዶቹ የፊት መስመር የመጣ ነው። በጋራው ምሽት ግፊያ የሚለማመዱበት የስክረም ማሽን ለእነሱ ብቻ የሚሆንበት ግማሽ ሰዓት ይፈልጋሉ፤ ሴቶቹም ያንኑ ጠይቀዋል። ማሽኑ አንድ ነው፤ የመብራቱ ሰዓትም አይረዝምም። የአቋቋሙ፣ የአያያዙና የአንገት ጥንቃቄው ትምህርት ለሁለቱም አንድ ስለሆነ፣ ከመጪው ወር ጀምሮ በተመሳሳይ ግማሽ ሰዓት እየተፈራረቁ እንዲገፉ ወስኛለሁ፤ የሚያሳያቸው ሰው ከጠፋ እኔ እገኛለሁ ብዬም ለአሰልጣኙ ጽፌለታለሁ። ጉልበቴ ምን እንደሚል ያን ጊዜ ይታያል።