አኳሪየሜን ጋቢ ያለበስኩ ሰሞን

እሺ፣ ቤት የመጣ ሰው ሁሉ "አኳሪየሙን ለምን ጋቢ አለበስከው?" እያለ ስለሚጠይቀኝ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። ባለፈው ጥቅምት ነው ሳሎናችን ውስጥ 120 ሊትር የሚይዝ የጨው ውሃ አኳሪየም ያቆምኩት፣ ቤታችን ባህር ዳር፣ አባይ ማዶ ነው፣ እማዬ መስታወቱን ገና ስታየው "ጣና እዚህ ተኝቶልህ አንተ ደግሞ ባህር ቤት ታስገባለህ?" አለችኝ። እውነቷን ነው። ግን ጣና ላይ ኮራል (ባህር ውስጥ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚያድገው እንስሳ) የለም፣ እኔ ደግሞ ልቤ የወደደው ኮራል ነው፣ ምን ላድርግ።

ጨዉ ራሱ ጣጣ ነበር። ለአንድ ሊትር 35 ግራም አካባቢ ነው፣ ስለዚህ አንዴ ለመሙላት ብቻ ከ4 ኪሎ በላይ። የአክስቴ ልጅ ከዱባይ በሻንጣዋ ይዛልኝ መጣች (ነጭ ዱቄት በላስቲክ ቋጥሮ ኤርፖርት ማለፍ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው፣ ሌላ ቀን)። አጎቴ "አሞሌ ፈጭተህ ብትጨምርበትስ?" ብሎኝ ነበር። አይሆንም እንጂ መጥፎ ሀሳብ አልነበረም፣ አሞሌ ከሞላ ጎደል ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ነው፣ ኮራል ግን በሊትር ወደ 420 ሚሊግራም ካልሲየም፣ ወደ 1300 ሚሊግራም ማግኒዚየም ምናምን ይፈልጋል።

ብቻ ውሃው አምስት ሳምንት ያህል ያለ ዓሳ ባዶውን ዞረ፣ መርዛማው አሞኒያ በባክቴሪያ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱ ብዙም ወደማይጎዳው ናይትሬት እስኪቀየር ጠበቅኩ፣ ህዳር መጨረሻ ላይ ክላውንፊሽ የሚባሉ ሁለት ዓሳዎች፣ ትንሽ ለስላሳ ኮራልና ስድስት ቀንድ አውጣ ከአዲስ አበባ መጡልኝ።

ታህሳስ ላይ ነጩ አሸዋ ቡና የተደፋበት መሰለ። በጣት ስትነካው እንደ ዱቄት ብን ይላል። ይሄ ዲያተም የሚባለው ደቃቅ አልጌ ነው፣ ሽፋኑን የሚሰራው ከሲሊካ (መስታወት ከሚሰራበት ማዕድን) ነው፣ ሲሊካውን ደግሞ ያመጣሁለት እኔው ነኝ፣ ምክንያቱም የቧንቧ ውሃ አፍልቼ አቀዝቅዤ ነበር የሞላሁት። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ሲሊካ አያወጣም! ባህር ዳር የቆመችው እሳተ ገሞራ በተፋው ድንጋይ ላይ ነው፣ በዛ ድንጋይ ውስጥ ያለፈ ውሃ ሲሊካ ይዞ ነው የሚመጣው። ለማንኛውም ዲያተም ሲሊካው ሲያልቅበት በራሱ ጊዜ ይሄዳል፣ ሶስት አራት ሳምንት ዝም ብትለው በቂ ነው። እኔ ግን ዝም ማለት መች አውቃለሁ።

እዚህ ጣና ዳር ያደገ ሰው እንቦጭን ያውቃል። 2004 አካባቢ ከታየ ጀምሮ ስንት ጊዜ ዘመቻ ወጥተን ነቅለናል፣ ስንነቅል ይመለሳል፣ ሁሌ የሚነገረን ከማሳ የሚታጠበው ማዳበሪያና ከከተማ የሚወርደው ቆሻሻ እየቀለበው ነው እየተባለ ነው። ይሄ ጭንቅላቴ ውስጥ ተቀርጾ ቀርቷል፣ ውሃ ላይ የማይፈለግ ነገር ካየህ ምግቡን ቁረጥ። እና ቆረጥኩ። ዓሳዎቹን ሁለት ቀን አንዴ መመገብ፣ አልጌ የሚመገበውን ፎስፌት የሚመጥ ኬሚካል መጨመር፣ አረፋ እየሰራ ቆሻሻ የሚያወጣውን ስኪመር 24 ሰዓት ማሰራት፣ በየሳምንቱ ውሃ መቀየር። ለጥምቀት ስለካው ናይትሬት 0፣ ፎስፌት 0። ደስ ብሎኝ የመለኪያዋን ቱቦ ፎቶ አንስቼ ለጓደኞቼ ሁሉ ላክሁ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ። ሁለት ሳምንት አልሞላም፣ ድንጋዩ ላይ ልክ የተነከረ ተልባ የመሰለ ዝልግልግ ነገር ተንጠለጠለ፣ ጫፍ ጫፉ ላይ የአየር አረፋ ይዟል። ማታ መብራቱ ሲጠፋ ይጠፋል፣ ጠዋት ንጹህ ነው፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደግሞ ሁሉን ለብሶ ታገኘዋለህ። ቀንድ አውጣዎቹ በጀርባቸው መውደቅ ጀመሩ፣ ከስድስቱ አራቱ ሞቱ።

መለያው ዘዴ ቀላል ነው፣ ዝልግልጉን ከትንሽ ውሃ ጋር ጠርሙስ ውስጥ በደንብ ትበጠብጠዋለህ፣ በሶፍት ታጠልለዋለህ፣ የወረደውን ውሃ ብርሃን ላይ ታስቀምጣለህ። እኔ መስኮቱ ላይ ባስቀመጥኩት በአንድ ሰዓት ውስጥ ጥርት ያለው ውሃ ተመልሶ ክር ሰራ። ዲያተም እንደዛ አያደርግም፣ ዳይኖፍላጀሌት (ባለ አንድ ሴል የውሃ ፍጥረት፣ ባጭሩ ዳይኖ) ነው። ላብራቶሪ የሚሰራ ጓደኛዬ በማይክሮስኮፕ አሳየኝ፣ የዱባ ፍሬ የመሰለ ነገር በጫፉ በክር እንደታሰረ ፍየል ይሽከረከራል፣ ባይገድልብኝ ኖሮ ያምራል እል ነበር።

ለካ አዲስ አኳሪየም ላይ፣ በተለይ ድንጋዩ ደረቅ ሆኖ ከተጀመረ፣ ቦታውን የያዘ ሌላ ፍጥረት ገና የለም። ናይትሬትና ፎስፌቱን ዜሮ ስታደርገው የሚራቡት አረንጓዴው አልጌና ባክቴሪያው ናቸው፣ ዳይኖ ግን ሌላውን እየበላም ስለሚኖር ባዶውን ሜዳ ይወርሰዋል። ጣና ላይ የበዛው ምግብ ነው፣ እኔ ጋ ደግሞ በገዛ እጄ ያጠፋሁት።

ስለዚህ ሁሉን ገለበጥኩት። ኬሚካሉ ወጣ፣ ስኪመሩ ግማሽ ቀን ብቻ፣ ውሃ መቀየር ቆመ፣ ምግብ በቀን ሁለቴ። ከዛ ዳይኖው ብርሃን እንዲያጣ ለሶስት ቀን ጨለማ፣ መብራቱን አጥፍቼ አኳሪየሙን ከላይ እስከ ታች በእማዬ ጋቢ ጠቀለልኩት። "ምነው፣ በረደው?" አለች። ቡና ሊጠጡ የመጡት ጎረቤታችን እትዬ ደግሞ በሩ ላይ ቆመው ደንገጥ ብለው "ምን ሆናችሁ ነው?" አሉ፣ ለካ የተከናነበ ነገር ሲያዩ ሌላ መስሏቸው ነው።

ሁለተኛው ሌሊት ላይ ደግሞ የቤቱ መብራት በሙሉ ጠፋ። ይሄን ለሚሞክር ሰው ጠበቅ አድርጌ የምነግረው ይሄ ነው፣ ጨለማ ውስጥ ኦክስጅን የሚያመርት የለም፣ ባህር ዳር ደግሞ ወደ 1800 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች ውሃው የሚይዘው ኦክስጅን ባህር ጠረፍ ላይ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። በድንጋይ ባትሪ የሚሰራ የአየር ፓምፕ ነበረኝ፣ እሱን ከትቼ ሶፋው ላይ ጋደም አልኩ፣ ድምጹ በቆመ በቆመ ቁጥር እየባነንኩ ነጋ።

ዳይኖው በአንዴ አልሄደም፣ አምስት ሳምንት ያህል እየሳሳ እየሳሳ ነው የለቀቀን። የካቲት መጨረሻ በሊትር ናይትሬት 8፣ ፎስፌት 0.06 ሚሊግራም ደረሰ፣ መስታወቱም አረንጓዴ መልበስ ጀመረ። ፀጉር የመሰለም በቅሏል፣ እሱን በጥርስ ብሩሽ እየጠቀለልኩ አወጣዋለሁ፣ አያናድደኝም። ለሚቀጥለው ውሃ ደግሞ ሲሊካ ሳይቀር የሚያጣራ አርኦ የሚባል ፊልተር ገዝቻለሁ፣ ማፍላት ቀረ። አጎቴ እሁድ ቀረሶ ዓሳ ይዞልን መጥቶ መስታወቱን አየና "አሁን ገና ጣናን መሰለ" አለኝ። እማዬ ግን ጋቢዋን ሁለቴ አጥባው የዓሳ ሽታው አልለቅ ስላላት ላንተ ይሁን ብላኛለች።