ቱቦ አፉ ውስጥ ያለ ሰው «አመመኝ» አይልም

የምሠራው አዲስ አበባ ዳርቻ ላይ ባለ አንድ ሆስፒታል፣ ፅኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ነው። ታካሚዎቻችን የሚመጡት ከኮዬ ፈጬ፣ ከገላን፣ ከቱሉ ዲምቱና ከዚያም ወዲያ ካሉ ገጠሮች ነው። ሳይት ላይ የተጎዳ ቀን ሠራተኛ አለ። አስፋልት ሲሻገር የተገጨ አለ። ለሕክምና ከገጠር መጥታ ልጇ ቤት የከረመች እናት አለች። ብዙዎቹ እኛ ጋ ሲደርሱ መናገር አይችሉም። አስታማሚ የሌላቸውም አሉ። ካርዳቸው ላይ በስም ቦታ «ያልታወቀ» ተብሎ የሚገቡ እንኳ አሉ።

ነርስ ለታካሚዋ ጠበቃ ናት ሲባል ተማሪ ሳለን ሰምተናል። የዓለም አቀፉ የነርሶች ምክር ቤት የሥነ ምግባር ደንብም ይህንኑ ይላል። እንዴት እንደሚደረግ ግን የሚያሳየኝ አላገኘሁም ነበር። ብዙ ሰው ጥብቅና ሲባል ከሐኪም ጋር መጨቃጨቅ ይመስለዋል። እኔ የደረስኩበት ሌላ ነው። የታካሚው ገላ የሚለውን ነገር አይቶ፣ ሐኪሙ ትእዛዝ ሊጽፍበት በሚችል መልክ ማቅረብ ነው። ይህን የተማርኩት በአንድ ልጅ ነው።

ልጁ ሳይት ላይ ሲሠራ ከፎቅ ወድቆ ነው የመጣው። የጎድን አጥንቶቹ ተሰብረዋል፤ ሳንባውም ተጎድቷል። የሚተነፍሰው በማሽን ነው። አገሩ ወላይታ ሶዶ አካባቢ ሲሆን አማርኛ እምብዛም አይሰማም። ቱቦውን እንዳይነቅል ተብሎ ሁለቱም እጆቹ በጎዝ ከአልጋው ብረት ጋር ታስረዋል። ቻርቱ ላይ «ይረበሻል» የሚል ተጽፏል። ማስተኛ ሲጨመርለት ይተኛል። መድኃኒቱ ሲለቀው እንደገና ይታገላል።

ጠዋት አንሶላ ልቀይርለት በጎኑ ሳዞረው ፊቱን አየሁት። ግንባሩ ተኮማተረ። ዓይኖቹን ጭምቅ አድርጎ ጨፈነ። ክንዱ እንደ እንጨት ደረቀ፤ የማሽኑ አላርም ጮኸ። በጀርባው ስመልሰው ረገብ አለ። ቆይቼ ሳክሽን ሳደርግለት፣ ማለትም ቱቦው ውስጥ ያለውን አክታ በማሽን ስስብለት፣ ያው ተደገመ። ማንም ሳይነካው ሲቀር ግን አይታገልም። አእምሮው የተቃወሰ ሰው ብቻውን ሲሆንም ይረበሻል። ይሄ ልጅ የሚታገለው ሲነካ ነው። እኔ የገባኝ ልጁን እያመመው መሆኑ ነው።

የታዘዘለት ሚዳዞላም ነበር። ሚዳዞላም ያስተኛል እንጂ ሕመም አያስታግስም። ሌላው ማስተኛ ዲያዜፓምም ያው ነው። ስለዚህ ልጁ ሕመሙ እንዳለ ሆኖ፣ እጁ ታስሮ፣ እንዲተኛ ብቻ ነበር የተደረገው። ይህ እኛ ጋ ብቻ የሚሆን አይመስለኝም። ዝም ያለ ታካሚ ደህና ይመስላል፤ ሥራም ይቀልላል።

ሲፖት (CPOT) የሚባል፣ መናገር ለማይችል ታካሚ የሚሆን የሕመም መመዘኛ አለ። ካናዳዊቷ የነርሲንግ ተመራማሪ ሴሊን ጄሊናስ ከባልደረቦቿ ጋር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 ያሳተመችው ነው። አራት ነገር ታያለህ፦ ፊቱን፣ እንቅስቃሴውን፣ ክንዱን ስታጥፈው ጡንቻው መወጠር አለመወጠሩን፣ ከማሽኑ ጋር ተስማምቶ መተንፈሱን። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 2 ትሰጣለህ። ድምሩ ቢበዛ 8 ነው። 3 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሰውየውን አሞታል ብለህ ተነሳ። ገንዘብ አይጠይቅም፣ መሣሪያ አይፈልግም። እንደኛ ላለ ሆስፒታል ከዚህ የሚሻል ነገር አላውቅም።

ራውንድ ላይ፣ ማለትም ሐኪሞች ታካሚዎችን እየዞሩ ሲያዩ፣ «ዶክተር፣ ልጁን ያመዋል መሰለኝ» ብዬ ቢሆን ኖሮ «እሺ እናየዋለን» ተብሎ ይታለፍ ነበር። «መሰለኝ» ላይ ማንም ትእዛዝ አይጽፍም። ስለዚህ እንዲህ አልኩ፦ «ዶክተር፣ ዝም ብሎ ሲተኛ ሲፖቱ 1 ነው። በጎኑ ሳዞረው 6 ይሆናል። ማስተኛ እንጂ የሕመም ማስታገሻ አልታዘዘለትም። ከመዞሩ በፊት ትንሽ ሞርፊን ቢሰጠው ብዬ ነው።»

«ግፊቱም የልብ ምቱም ደህና ነው እኮ» አለኝ።

ይሄ ተደጋግሞ የሚመጣ መልስ ስለሆነ አስቀድሜ አንብቤ ተዘጋጅቼበት ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 የወጣው ዓለም አቀፍ የፅኑ ሕሙማን መመሪያ ግፊትና የልብ ምት ብቻቸውን ሕመም መኖር አለመኖሩን አያሳዩም ይላል። ሕመሙን መጀመሪያ አስታግሱ፣ ማስተኛው ከዚያ በኋላ ይምጣ ብሎም ይመክራል። ይህንኑ ነገርኩት። ቆም ብሎ አሰበና «እሺ ሲስተር፣ ሞክሪውና ከሰዓት በኋላ ንገሪኝ» አለ። ሞርፊን በትንሽ መጠን፣ ፓራሲታሞል ደግሞ ሰዓቱን ጠብቆ እንዲሰጠው ታዘዘ። ከሰዓት በኋላ ሳዞረው 2 ሆነ። ሄጄ ነገርኩት። ማስተኛው ተቀነሰ።

«ከሰዓት በኋላ ንገሪኝ» ሲባል በርግጥ ሄዶ መንገር ከሁሉም በላይ ይጠቅማል። ሐኪሙ የነገርሽው ነገር ለውጥ ማምጣቱን በዓይኑ ካየ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ሳትጨርሺ ይሰማሻል።

ማስተኛው ሲቀነስ ልጁ ነቃ። አሁን ደግሞ ቋንቋ ቸገረን። ኦሮምኛ ብዙዎቻችን እንችላለን፤ ወላይትኛ ግን ማንም አልነበረም። የክፍላችን የጽዳት ሠራተኛ የሶዶ ልጅ መሆኗን ያስታወሰችኝ ሄድ ነርሷ ናት። እጇን ታጥባ መጣች። ጎንበስ ብላ በቋንቋው ስታናግረው ልጁ ዓይኑን ፈጥጦ አያት። «አዎ ከሆነ የሲስተርን ጣት ጭመቅ፣ ካልሆነ ተወው» አለችልኝ። ደረትህን ያምሃል? ጨመቀ። ራስህን? ተወው። ይጠማሃል? ደጋግሞ ጨመቀ። ቱቦው ለትንፋሹ እንደሆነ፣ ሲሻለው እንደሚወጣ፣ ድምፁም ተመልሶ እንደሚመጣ አስረዳችው። ድምፁ የጠፋ መስሎት ነበር።

ቀኝ እጁን እኔ አጠገቡ ቆሜ ፈታሁት። እጁ ወደ ቱቦው አልሄደም። በቀጥታ የሄደው ወደ ጎኑ ነው፤ የተሰበረውን ቦታ ይዞ ቆየ። ከፎቅ ከወደቀ ጀምሮ የሚያመውን ቦታ በእጁ መያዝ አልቻለም ነበር።

ማሰር ፈጽሞ አያስፈልግም አልልም። ቱቦ የነቀለ ታካሚ በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል። ግን ከታሰረ በኋላ ለምን እንደታሰረ፣ እስከ መቼ እንደሆነ ይጻፍ። ጎዙ ሥር ሁለት ጣት ይግባ። ጣቶቹ ይታዩ፣ እየተፈታ ይንቀሳቀስ። አስተርጓሚ ሆና የረዳችንም ሴት ውለታዋ ትልቅ ነው፤ ለቀዶ ሕክምና ስምምነት ግን የሠለጠነ ሰው ይፈለግ። ያን ሸክም እሷ ላይ መጫን ተገቢ አይደለም።

ሌላው ጣጣ መድኃኒት ነው። ከውጭ ግዙ ሲባል የልጁን ማን ይግዛ? አንድ ፎርማን መጥቶ በር ላይ ቆሞ ነበር። «ራሱ ተንሸራትቶ ነው የወደቀው» ይላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን ሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ያደርገዋል፤ የሕክምናው ወጪም የእሱ ነው። እኔ ኮሪደር ላይ አልተከራከርኩም። ሶሻል ወርከሯ ጋ ወስጄ አገናኘኋቸው። ወጪው ተሸፈነ። በፎርማኑ ስልክ አማካይነት የልጁ ታላቅ ወንድምም ተገኘ። «ይሄ የነርስ ሥራ ነው?» ያሉኝ ባልደረቦች አሉ። ነው። ማስታገሻው ካልተገዛ የሲፖቱ ቁጥር ወረቀት ላይ ይቀራል።

ቤተሰብ ያለው ታካሚም ጠበቃ ያስፈልገዋል። አንዲት እናት ስትሮክ መትቷቸው ተኝተው ሳለ ልጆቻቸው ጸበል ይዘው መጡ። ተረኛው በር ላይ መለሳቸው። ሰዎቹ ከፋቸው፤ «እንግዲያው ወደ ቤት እንወስዳታለን» ወደ ማለት ደረሱ። አስቀመጥኳቸውና አስረዳሁ፦ እናታችሁ መዋጥ አይችሉም፤ በአፋቸው የገባ ነገር ሳንባቸው ውስጥ ይገባል። ሐኪሙን አስፈቅጄ ጸበሉ ግንባራቸውንና እግራቸውን እንዲቀቡበት ተደረገ። እናትየው ከገጠር የመጡት ይህንኑ አምነው ነው። ቢናገሩ ኖሮ ራሳቸው ይጠይቁን ነበር። ወደ ቤት የመውሰዱ ነገርም በዚያው ቀረ።

ሁልጊዜ አይሳካም። «ሐኪሟ አንቺ ነሽ?» ተብዬ ታካሚ ፊት ተቆጥተውኛል። እዚያው መመለስ አይጠቅምም። ቁጥሩን ከነሰዓቱ ቻርት ላይ እጽፋለሁ። ማንን እንዳሳወቅሁ እጽፋለሁ። ለሄድ ነርሷ እነግራለሁ። ካልሆነ ወደ ሲኒየሩ፣ ማለትም ወደ በላዩ ሐኪም እሄዳለሁ፤ ግን ከጀርባ አይደለም። «ዶክተር፣ ነገሩ ስላሳሰበኝ ለሲኒየሩ ላሳውቅ ነው» ብዬ ራሱን ቀድሜ እነግረዋለሁ። አንዳንዱ ይህን ሲሰማ ተመልሶ ታካሚውን ያየዋል። ያኮረፈኝም አለ፤ እስካሁን በቅጡ ሰላም የማይለኝ። ታካሚው ግን ማስታገሻውን አግኝቷል።

አሁን ክፍላችን ውስጥ ሲፖት ከግፊትና ከሙቀት ጋር በአንድ ገጽ ላይ ይመዘገባል። ሐኪሞቹም ራውንድ ላይ ራሳቸው መጠየቅ ጀምረዋል። ግድግዳ ላይ የትኛው ሠራተኛ ምን ቋንቋ እንደሚችል የሚያሳይ ዝርዝር ለጥፈናል፤ ከዘበኛ እስከ ካርድ ክፍል ያሉ ሠራተኞች ሁሉ አሉበት። ማታ ማታ ግን ዝርዝሩ ይሳሳል፤ አብዛኞቹ የቀን ሠራተኞች ናቸው። ሲዳምኛ የሚችል የማታ ተረኛ እስካሁን አላገኘንም።