ኔልሰንን ያስቀረው ቀስት

በእንግሊዝ አገር በሚገኝ አንድ አነስተኛ የጨዋታ አሳታሚ ድርጅት ውስጥ የደንብ አርታኢ ሆኜ በሠራሁባቸው የመጀመሪያ ሁለት ዓመታት እጄ የገቡት ሁሉ የየብስ ጦርነት ጨዋታዎች ስለነበሩ፣ በሸራ የሚሄዱ የጦር መርከቦች ጨዋታ ደንብ ሲደርሰኝ ለእኔ አዲስ ነገር ነበር። የየብስ እግረኛ ወደፈለገበት ይራመዳል፤ የሸራ መርከብ ግን አስቀድሞ ነፋሱን ማስፈቀድ አለበት። አራት ማዕዘን ሸራ የሰቀለ መርከብ አፍንጫውን ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ከ67 ዲግሪ ተኩል ገደማ ይበልጥ ማስጠጋት ስለማይችል፣ ፍጥነቱም፣ መዞሩም፣ ጠላትን ቀድሞ መምረጡም በካርታው ጥግ ላይ በምትቀመጥ አንዲት የካርቶን ቀስት ላይ የተንጠለጠለ ነበር።

ጣጣው የመጣው ከዚያች ቀስት ነው። የደንቡ አራተኛ አንቀጽ «ቀስቱን በውጊያው ካርድ ላይ በተጻፈው የነፋስ አቅጣጫ አስቀምጥ» ይላል፤ የትራፋልጋር ውጊያ ካርድ ደግሞ «ነፋስ፦ ምዕራብ ሰሜን ምዕራብ፣ ደካማ» ይላል። ወደ ምዕራብ ሰሜን ምዕራብ የምትዞረው የቀስቷ ጫፍ ትሁን ጭራዋ ግን የትም ቦታ አልተጻፈም።

ደንቡን የጻፉት አለቃዬ ራሳቸው ነበሩ። ቅዳሜና እሑድን በሸራ ጀልባ ላይ የሚያሳልፉ፣ የቢሯቸውም ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በመርከብ ሥዕል የተሸፈነ ሰው ናቸው። ረቂቁን ይዤ ገባሁና «ጫፏ ናት ወይስ ጭራዋ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው ለጥቂት ጊዜ አዩኝ።

«ባሕር ላይ ወጥተህ ታውቃለህ?» አሉኝ።

«አላውቅም።»

«መርከበኛ ነፋስን የሚጠራው በመጣበት ነው። ይህን ማንም ያውቃል።»

ከዚያም መነጽራቸውን መልሰው ሥራቸውን ቀጠሉ። እኔም ወደ ጠረጴዛዬ ተመልሼ በረቂቁ ኅዳግ ላይ ከጥያቄዬ ጎን «ታይቷል» ብዬ ጻፍኩ፤ ይህ በእኛ ቤት ጥያቄው ተነሥቶ ተዘጋ ማለት ነው።

መልሳቸው ስሕተት አልነበረበትም፤ ችግሩ የጠየቅኋቸውን አለመመለሳቸው ነው። ነፋስ በመጣበት እንደሚጠራማ እኔም አውቃለሁ። ያደግሁት ደብረ ብርሃን አካባቢ ነው፤ ገብሱ በበሬ ተበራይቶ በመንሽና በላይዳ ወደ ላይ ሲበተን፣ አውድማው ላይ ለነፋሱ ጀርባውን ሳይሰጥ የቆመ ልጅ እብቁ ዓይኑ ውስጥ ስለሚገባ፣ ነፋስ ከወዴት እንደሚመጣ ፊደል ሳልቆጥር ተምሬዋለሁ። እኔ የጠየቅሁት ስለ ነፋስ ሳይሆን ስለ ካርቶን ነበር። ይህን ሁሉ ያሰብሁት ግን ማታ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጬ ነው። የኤልዲኑ ጆን ክለርክም ትዝ ያለኝ እዚያው አውቶቡስ ውስጥ ነው፤ ይህ ስኮትላንዳዊ በ18ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ አንድም ቀን በባሕር ኃይል ሳያገለግል፣ ትንንሽ የመርከብ ሞዴሎችን ጠረጴዛ ላይ እያሰለፈ ስለ ባሕር ውጊያ ስልት የጻፈና የእኛ ሙያ አባት ቢባል የማያንሰው ሰው ነበር። የአለቃዬ ጥያቄ ለእርሱም ቢቀርብለት መልሱ ከእኔው ብዙም አይርቅም ነበር። መልካም መልስ ሁልጊዜ ለምን ከቢሮ መውጫ ሰዓት በኋላ እንደሚመጣ አይገባኝም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ዕውር ሙከራ አደረግን። ዕውር ሙከራ የምንለው፣ ጨዋታውን አይተው የማያውቁ ሰዎች መጽሐፉን ብቻ ይዘው ሲጫወቱ እኛ ከጥግ ተቀምጠን ያለ አንዲት ቃል የምንመለከትበት ነው። አራቱ ተጫዋቾች ካርታውን ዘረጉ፤ ካርዱን አነበቡ፤ ቀስቷንም ጫፏን ወደ ምዕራብ ሰሜን ምዕራብ አድርገው አስቀመጧት። አለቃዬን በዓይኔ ፈለግኋቸው፤ ለጊዜው ቡና ሊቀዱ ወጥተው ነበር።

እ.ኤ.አ. ጥቅምት 21 ቀን 1805 በትራፋልጋር፣ የእንግሊዙ አድሚራል ኔልሰን 27 የመስመር መርከቦቹን (በውጊያ መስመር የሚሰለፉ ትልልቅ የጦር መርከቦች ናቸው) በሁለት ረድፍ አሰልፎ ነፋሱን ከኋላው አድርጎ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ በመምጣት የፈረንሳይንና የስፔንን 33 መርከቦች መስመር በጠሰ። ነፋሱ እጅግ ደካማ ስለነበር ማለዳ 12 ሰዓት ገደማ የተያዩት መርከቦች መታኮስ የጀመሩት ወደ ቀኑ 6 ሰዓት ላይ ነው። በእኛ ጠረጴዛ ላይ ግን ተጫዋቾቹ ነፋሱ የቀስቷ ጫፍ ወዳመለከተችበት እንደሚሄድ ስለወሰዱ፣ ከኔልሰን ፊት ለፊት ይነፍስ ነበር። 104 መድፍ የተሸከመችው የኔልሰን መርከብ ቪክቶሪ የመጀመሪያዋን ዙር ቆመች፤ ሁለተኛውንም ቆመች። ኔልሰን የሆነው ወጣት ደንቡን ሁለት ጊዜ አነበበና «ሸራዬ ፊቱን ተመትቷል፤ መንቀሳቀስ አልችልም» ብሎ እጁን አጣጠፈ። በአራተኛው ዙር ብስኩት መብላት ጀመረ። በእውነተኛው ቀን ነፋሱ የፈቀደላቸው ጠርዝ ላይ ደርሰው ወደ ሰሜን ሲያዘግሙ የነበሩት ፈረንሳዮችና ስፔኖች፣ አሁን ነፋሱ ከጎናቸው ሆኖላቸው ያለ ችግር ዞረው መጡና የእንግሊዝን ረድፎች በቆሙበት ይቀጠቅጧቸው ጀመር።

አለቃዬ ቡናቸውን ይዘው ሲመለሱ መጀመሪያ ያዩት ከፈረንሳይ በኩል ያለውን ደስታ ነው። «ሚዛኑ ጥሩ ነው» አሉ በለሆሳስ፤ «ለሁለቱም ወገን የማሸነፍ ዕድል አለው።» አንድም ቃል አልተነፈስኩም፤ በዕውር ሙከራ መናገር ክልክል ነው። ያን ጊዜ ስለዚህ ደንብ ያደረብኝን ፍቅር ልገልጸው አልችልም። ወደ ቀስቷ ሲመለከቱ የሆነውን ፊታቸው ላይ አየሁ፤ ፍንጃላቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡት።

በማግሥቱ ረቂቁ ተመልሶ ሲመጣ በአራተኛው አንቀጽ ላይ አንዲት ዓረፍተ ነገር ተጨምራ ነበር፦ «ነፋስ የሚጠራው በመጣበት ነው፤ የቀስቷ ጫፍ ግን ነፋሱ የሚሄድበትን ታሳያለች።» ያማረች ዓረፍተ ነገር ናት፤ እኔ ብጽፋት ይህን ያህል አላሳጥራትም ነበር። በሳምንታዊው ስብሰባ ላይ አለቃዬ «በሙከራው ወቅት ያስተዋልኋት ትንሽ ማብራሪያ» ብለው አቀረቧት። ኅዳጉ ላይ «ታይቷል» የሚለው የእጅ ጽሑፌ እንዳለ ነበር፤ ቀኑም ተጽፎበታል። ያን ገጽ ፎቶ አንሥቼ አስቀምጬዋለሁ፤ ለማንም ላሳየው ብዬ አይደለም።

ባለፈው ዓመት ለሁለተኛው እትም የርዝመት ተኩስን አንቀጽ እንደ አዲስ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የርዝመት ተኩስ ማለት ጥይቱ መርከቡን ከጎን ወደ ጎን ሳይሆን በርዝመቱ ከአፍንጫው እስከ ኋላው ሲጠርገው ነው፤ ክፉው ደግሞ መስኮት በበዛበትና እንጨቱ በሳሳበት በኋላው በኩል ሲገባ ነው። በትራፋልጋር ቪክቶሪ በፈረንሳዩ አዛዥ መርከብ በቡሳንቶር ኋላ አልፋ ያደረገችው ይህንኑ ነው። እኔም «ከኋላ የሚተኮስ ተኩስ ጉዳቱ እጥፍ ይሆናል» ብዬ ጻፍኩ። በቅርቡ የተቀጠረች ወጣት አራሚ ረቂቁን ይዛ መጣችና «ከማን ኋላ?» አለችኝ፤ «ከተኳሹ መርከብ ኋላ ነው ወይስ ከተመታው?»

እኔ በዚያ ሰዓት ሌላ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ቀና ብዬም በወጉ አላየኋት። «ከተመታው ነዋ» አልኋት፤ «ይህን እኮ ማንም ያውቃል።»

ምንም አልመለሰችልኝም። ወደ ጠረጴዛዋ ተመልሳ እርሳሷን አነሣችና ኅዳጉ ላይ አንዲት አጭር ቃል ጽፋ ገጹን ገለጠችው።